ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ

ስለ ከተማችን አሮጌ ቤቶች ነገር በተነሣ ቁጥር በየምግብ አዳራሹና በየመኝታ ክፍሉ የምንሰማው ክርክር ሁለት ወገን ብቻ ያለው ይመስላል። አንደኛው ወገን፣ «ያረጀው ይፍረስ፤ ሥልጣኔ የሚሄደው ወደ ፊት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «ቅርስ ነውና አይነካ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በኃይል ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ግድግዳው ነው። በግድግዳው ውስጥ ስለ ነበረው ኑሮ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው የፈለግሁት ሐሳብ አጭር ነው። በሐረርና በአዲስ አበባ አራዳ የተሠሩት፣ ምድር ቤታቸው ሱቅ ፎቃቸው መኖሪያ የሆነው የነጋዴ ቤቶች፣ ትልቁ ዋጋቸው በጌጣቸው አይደለም። ዋጋቸው ሥራንና ኑሮን በአንድ ጣራ ሥር ባስተሳሰረው አሠራራቸው ላይ ነው። ይህን ትስስር ትቶ የፊቱን ገጽ ብቻ ቀለም ቀብቶ ማቆም ከማፍረስ እጅግ የሚሻል ሥራ አይደለም። ትስስሩን የተረዳ ሰው ግን አሮጌውን ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን አዲሱንም በደንብ ለመሥራት ይጠቀምበታል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በመጀመሪያ ቤቱ እንዴት ያለ እንደ ሆነ እንመልከት።

የአራዳው የነጋዴ ቤት ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ከከተማው አካባቢ ከሚፈለጠው ድንጋይ ይሠራል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ይህም ሌባንም፣ እሳትንም፣ እርጥበትንም ለመከላከል ነው። በመንገዱ በኩል አንድ ሳይሆን ተከታታይ የሆኑ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት በሮች አሉት። ጧት በሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ የፊቱ ግድግዳ የጠፋ ያህል ሆኖ ሱቁና መንገዱ አንድ ይሆናሉ፤ ማታ ተዘግተው መወርወሪያው ሲገባ ደግሞ ቤቱ ምሽግ ይሆናል። ሰፊ መስተዋት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ዕቃን ለገዢ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነበር። ከባንኮኒው በስተኋላ መጋዘኑ አለ። ከመጋዘኑም በስተኋላ ግቢው፣ በግቢውም ውስጥ ማድ ቤቱ ለብቻው ይገኛል፤ ይኸውም ጭሱና እሳቱ ከዕቃው እንዲርቅ ነው።

ፎቁ ግን ሌላ ነው። በእንጨት ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ከላዩም ኖራ የተቀባ ቀላል ግድግዳ ነው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ መሆኑ የአናጢው ብልሃት ነው፤ መሠረቱ ከሚገባው በላይ አይሸከምምና። በፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለ፤ ክፍሎቹ ወደዚህ በረንዳ ይከፈታሉ። በረንዳው ለላይኞቹ መተላለፊያና መቀመጫ፣ ለታችኛው ሱቅ ደግሞ ጥላና የዝናብ መጠለያ ነው። በክረምት ዝናብ የመጣበት መንገደኛ ከበረንዳው ሥር ሲጠጋ ሳያስበው ከሱቁ ደጃፍ ይቆማል፤ ከቆመም ዕቃውን ያያል፤ ካየም አንዳንድ ጊዜ ይገዛል። ጣራው ከግድግዳው አልፎ መውጣቱ ጭቃውን ከዝናብ ለመጠበቅ ነው። በጣራው ጠርዝ እንደ ጥልፍ የተቀረጸው ሳንቃ እንኳ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቆርቆሮውንና የወራጁን ጫፍ ይሸፍናል። ደረጃው ብዙውን ጊዜ በግቢው በኩል ነው፤ ስለዚህም ወደ መኖሪያው የሚወጣ እንግዳ ግቢውን አቋርጦ፣ ቤተሰቡን ሰላም ብሎ ነው የሚወጣው።

ይህን ቤት «የእገሌ አገር ነው» ለማለት ያስቸግራል። የበረንዳው ሐሳብ ከሕንድ፣ ቆርቆሮው ከአውሮፓ፣ የባሕር ዛፉ ዘር ከአውስትራልያ፣ ጭቃውና ጭዱ ደግሞ ከዚሁ ከአገራችን ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት ግን ከአዲስ አበባ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ሐረርን መመልከት ይጠቅማል፤ በዚያ ሂደቱ ከነደረጃዎቹ በግልጽ ይታያልና።

የጥንቱ የሐረር ቤት ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ነው። በጀጎል ውስጥ በጠባቡ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግንብና የግቢ በር ብቻ ነው። ሀብቱ፣ ስፌቱና ጌጡ ሁሉ ያለው ከግቢው አልፎ በሚገኘው ቤት ውስጥ ነው። ሰውም በየማዕርጉ ከፍና ዝቅ ባሉት ነደባዎች ላይ ይቀመጣል። ንግዱ ሌላ ቦታ አለው፤ ገበያውና አደባባዩ ለንግድ፣ ቤቱ ለቤተሰብ ነው። ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ግን ሌላ ዓይነት ቤት ሠሩ። ይኸውም ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት በረንዳ ያለው፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የሐረሬው ቤት ለመንገዱ ዝም ሲል፣ የሕንዱ ቤት ለመንገዱ አፉን ከፈተ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። የሐረር ሰዎች አዲሱን ቤት እንዳለ አልኮረጁም፤ አልናቁትምም። የራሳቸውን ውስጠኛ ክፍል ይዘው የእንግዳውን ፎቅና በረንዳ ጨመሩበት። ዩኔስኮ ሐረር ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጥንቱ የሐረሬ ቤት ጋር የሕንዱን ቤትና ከሁለቱ ቅልቅል የተወለደውን ቤት ጭምር ቆጥሯል። ለብድር ያልተዋረደ፣ ለኩራትም ያልታወረ ሕዝብ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው።

ከነዚህ የሕንድ ነጋዴ ቤቶች በጣም የታወቀው ዛሬ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራውና ሙዚየም የሆነው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ መቀመጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1884 ዓ.ም. ሞቷል፤ አሁን የምናየው ቤት ደግሞ ከዚያ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። እንግዲህ ያልኖረበትን ባለቅኔ ስም በቤቱ ላይ ለጥፈን፣ ያሠራውንና የኖረበትን ነጋዴ ረሳነው ማለት ነው። ይህ የሐረር ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ቤት የሚከበረው ትልቅ ሰው ሲያድርበት እንጂ ተራ ሰው ሲሠራበት አይደለም የሚለው ልማዳችን ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት እንጂ የባለሱቅ ቤት መቼም ቅርስ አይሆንም።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። በገበያው ዙሪያ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ሱቆቻቸውን ተከሉ። ከነዚህም መካከል የሕንዱ የመሐመድ አሊ ድርጅት ስም የታወቀ ነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው ቆርቆሮ፣ ምስማርና ብረት በፉርጎ መጣ፤ ባለ ፎቁ ሱቅም በረከተ። በየሰፈሩ ደግሞ ትንንሾቹ ሱቆች ተከተሉ። ከየመን የመጡት ባለሱቆች ከባንኮኒው በስተኋላ እየኖሩ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባና ክብሪት ይቸረችሩ ስለ ነበር፣ የሰፈር ሱቅ ማለት «ዐረብ ቤት» ማለት ሆኖ ነበር። ከዚያም ከአገራችን ልጆች ሱቅ ጠባቂ ሆነው የጀመሩት ቀስ በቀስ ባለሱቅ ሆኑ። የንግድ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ጊዜ ይህ ቤት የንግድ ትምህርት ቤት ነበረ ማለት ይቻላል፤ ልጁ ከባንኮኒው ሥር ተኝቶ ሚዛንና ሒሳብ ተምሯልና።

አሠራሩ ለምን እንዲህ ጠቃሚ እንደ ሆነ ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ሱቁና ቤቱ አንድ የሆነለት ሰው ሁለት ኪራይ አይከፍልም፤ ለመመላለሻም ገንዘብ አያወጣም። ባል ዕቃ ለማምጣት ሲሄድ ሚስት ትሸጣለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለቱን ያሳርፋል። ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ከላይ ተኝቷል። ሱቁ ማለዳ ተከፍቶ እስከ ምሽት ይቆያል። ካፒታሉ ትንሽ የሆነ ሰው ከባለጸጋው ጋር ሊወዳደር የሚችለው በነዚህ ጥቅሞች እንጂ በሌላ አይደለም።

ለሰፈሩም ጥቅም አለው። ማታ ከፎቁ መብራት ይታያል፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ዓይን እንዳለ ያውቃል። የዱቤውም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ባለሱቁ ለቡና አፍሊዋም፣ ለወታደሩም፣ ለመምህሩም እስከ ወር መጨረሻ ዱቤ የሚሰጠው ባንክ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጎረቤት ስለ ሆነ ነው። ተበዳሪው ወዴት እንደሚገባ፣ ልጁ መታመሙን፣ ደመወዙ መዘግየቱን ያውቃል። ማታ ቆልፎ ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄድ ነጋዴ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለማያውቅም አያምንም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም ያለው ቤት ስለ ምን ጎሰቆለ? እንደሚመስለኝ ሦስት ነገሮች ደረሱበት።

የመጀመሪያው የፋሺስት ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ኢጣሊያኖች ከተማውን በዘር ለመክፈል አቀዱ። አራዳን የነጮች አደባባይ ለማድረግ ፈልገው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር አዛወሩት። ነጋዴና ገዢ፣ ሀብታምና ድኻ፣ እንግዳና ባለ አገር ተደባልቀው የሚኖሩበት ሰፈር ለፋሺስት ፕላን አይመችም ነበር። እነርሱ ተባረሩ፤ «ፒያሳ» የሚለው ስም ግን ቀረ። «የንግድ ቦታ ለብቻው፣ የመኖሪያ ቦታ ለብቻው፣ ድኻውም ለብቻው» የሚለው ሐሳብም ቀረ። ይህን ሐሳብ ዛሬ አንዳንዶቻችን የዘመናዊነት ሕግ አድርገን ስንቀበለው ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አዋጁ ፍትሕ ያልነበረው ነገር ነው ለማለት አልደፍርም። የቤት ኪራይ የብዙውን ሠራተኛ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም ነበር፤ ከዚያ በፊት በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ወራሾች ነን የምንል ሰዎች የድኻን እፎይታ ልንነቅፍ አንችልም። ነገር ግን ፍትሑ ከጥገና አልተገናኘም። ኪራዩ በጣም ዝቅ ብሎ ሲቀር ጣራውን የሚያድስበት ገንዘብ አልተገኘም። ተከራዩ፣ «የእኔ አይደለም» አለ፤ አከራዩ መሥሪያ ቤት፣ «በጀት የለም» አለ። በብዙ ቤቶች ምድር ቤቱ ለአንዱ፣ ፎቁ ክፍል በክፍል ለሌሎች ተሰጠ፤ በረንዳው በቆርቆሮ ተዘግቶ መኝታ ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ ሆነ። የጋራ ድስት ሳይማሰል ያርራል እንዲሉ፣ ቤቱ የሁሉም ሲሆን የማንም ሳይሆን ቀረ።

ሦስተኛው በዓይናችን ያየነው ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ሰፈሮች ተዛወረ። የተሻለ መጸዳጃና ውኃ ያገኘ ሰው መኖሩን መካድ ተገቢ አይደለም፤ መንገዱም ሰፍቷል። ነገር ግን ለተነሣው ሰው ቤት ሲሰጠው የተቆጠረው መኝታ ክፍሉ ነው፤ በበሩ ላይ ጀበና አቅርባ ቡና የምትሸጠው ሴት ደጃፍ፣ ከመኝታው ፊት ለፊት መስኮት ከፍቶ የሚቸረችረው ሰው ገበያ በምን ይቆጠራል? ቤት ለተቀበለው ሰው ሥራው አብሮት ካልሄደ የተሰጠው ግማሽ ቤት ነው።

«አዲሶቹስ ኮንዶሚኒየሞች ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ አይደሉምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ክርክሬን የሚያጠነክር ነው። በኮንዶሚኒየሙ መኖሪያው በዕጣ፣ የምድር ቤቱ ሱቅ ደግሞ በጨረታ ተሰጠ። ዕጣ የወጣላት መበለት ከራሷ ቤት ሥር ያለውን ሱቅ ለማግኘት ከባለ ገንዘብ ጋር መጫረት ነበረባት ማለት ነው። ስለዚህም ላይ የሚኖረው አይነግድም፤ ታች የሚነግደው እዚያ አይኖርም። የቤቱ መልክ ተገኘ፤ በላይና በታች መካከል የነበረው ደረጃ ግን ጠፋ። የድሮው አናጢ በእንጨት ደረጃ ያገናኘውን የዛሬው የጨረታ ሰነድ ለየው።

ከዚህ በኋላ የሚነሡትን ሁለት ዋና ዋና ተቃውሞዎች እንመልከት።

አንዳንዱ፣ «እነዚህ ቤቶች በአገሩ ገበያ ላይ ሰልጥነው የነበሩ የባዕድ ነጋዴዎች ሥራ ናቸው፤ የእኛ ቅርስ አይደሉም» ይላል። የውጭ አገር ነጋዴዎች በገበያችን ላይ ትልቅ ኃይል እንደ ነበራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩን የፈለጠው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ሸክሙን የተሸከመው ማን ነው? ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህስ በነዚህ ቤቶች ወልዶ ያሳደገው ማን ነው? «የአራዳ ልጅ» ስንል ብልህ፣ ነገር የማይሸወድ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ ማለታችን ነው፤ ይህን ጠባይ ያስተማረው ብዙ ዓይነት ሰው በአንድ መንገድ ላይ መኖሩ ነው። ሐረሬው የእንግዳውን በረንዳ የራሱ ማድረግ ከቻለ እኛም እንችላለን።

ሌላው፣ «በመሐል ከተማ ያለው መሬት ውድ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚያዋጣ አይደለም» ይላል። ይህ የበለጠ ከባድ ክርክር ነው። እያንዳንዱ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይቁም የሚል ሰው በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሌሊት ዝናብ የሚያፈስበት አይደለም። ድኻን ለቱሪስት ትርኢት አድርጎ በችጋር ማቆየት ቅርስ መጠበቅ አይባልም። ስለዚህ አንዳንዱ ይፈርሳል፤ በምትኩም ከፍ ያለ ይሠራል። ጥያቄው ከፍታው አይደለም። ጥያቄው አዲሱ ቤት በታችና በላይ መካከል ደረጃ ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም የሚለው ነው። አምስት ፎቅ ቢሆንም ከታች ያሉት ሱቆች በመጀመሪያ ከላይ ለሚኖሩት፣ በሚችሉት ኪራይ እንዲሰጡ ደንብ ማውጣት የመሐንዲስ ጥበብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተማሪ ሕግ አያወጣም፤ ነገር ግን እጁ ባዶ አይደለም። የሕንፃ ሥራ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ለልምምድ የማይሠራ ሙዚየምና ያልታዘዘ አውሮፕላን ጣቢያ ከሚነድፉ፣ እስካሁን የቆመ አንድ የሱቅ ቤት ለክተው ከነደረጃው፣ ከነመጋዘኑ፣ ከነማድ ቤቱ ቢስሉ ሥራቸው ለሁልጊዜ ይተርፋል። የኢኮኖሚ ተማሪዎች አንድ ቤተሰብ ሥራና መኖሪያው ሲለያይ በወር ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀው ቢጽፉ፣ ባለሥልጣን የማያነበው ስሜት ሳይሆን የማያልፈው ቁጥር ይሆናል። የሕግ ተማሪዎችም ከመሐል ከተማ ለሚነሣ ሰው የሚከፈለው ካሣ የመኖሪያውን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ቦታ እንዲቆጥር ምን ዓይነት አንቀጽ እንደሚያስፈልግ ሊያረቁ ይችላሉ። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ባለሱቆች ቃል ይቀበሉ፤ ቤቱ ከነሰዎቹ እያለፈ ነውና።

ጊዜው ጠባብ መሆኑን መርሳት የለብንም። የኮሪደሩ ሥራ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ደርሷል። በየአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት ከተሞቻችን ደግሞ ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ የሆነው ቤት እንግዳ ነገር ሳይሆን ተራው ነገር ነው። ከመካከላችን የትምህርት ቤት ደብተሩ በእንዲህ ያለ ሱቅ ትርፍ የተገዛለት ጥቂት አይደለም። የአራዳው ስሕተት በደሴና በጅማ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ እንዳይደገም የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚናገረውም ሰው የሚያፈርሰውን ሁሉ የሚራገም ሳይሆን በምትኩ ምን ይሠራ የሚለውን በፕላንና በቁጥር የሚያሳይ መሆን አለበት።

ከተማ የሚያምረው በሚያብለጨልጭ መብራቱ ነው የሚል ካለ፣ ማታ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ቀና ብሎ ፎቆቹን ይመልከት። በፎቁ ሰው ካለ ከተማው ሕያው ነው። ከሌለ ግን መንገዱ ምንም ያህል ቢሰፋ የተሠራው ገበያ እንጂ ከተማ አይደለም።